ያልታየ ፊልም፣ አደራና የመጀመሪያው ተመልካች

ኪነ ጥበብ ከሠሪው እጅ ወጥቶ ከተመልካቹ ዓይንና ጆሮ ካልደረሰ ሕይወቱ ሙሉ ነው ለማለት ያዳግታል። ያልተነበበ መጽሐፍ፣ ያልተደመጠ ዜማ፣ ያልታየ ፊልም የተደከመበትን ያህል ፍሬ አልሰጠም። ይህ አባባል በየመድረኩ ሲነገር የኖረ፣ ማንም የማይክደው ሐቅ ነው። ይሁንና ሐቁ ወደ ተግባር ሲለወጥ ከበድ ያሉ ጥያቄዎችን ያስከትላል። አንድ ሥራ ለሕዝብ ሳይቀርብ የቀረው ለምንድን ነው? ሥራው በእጁ የገባ ሰው እንግዶች ሰብስቦ በቤቱ ሊያሳየው ይገባዋልን? የሚገባው ከሆነስ ከሁሉ አስቀድሞ ማየት ያለበት ማን ነው? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች፣ በተለይም ብዙ ጊዜ የማይነሣውን የመጨረሻውን፣ መመርመር ነው።

ጥያቄዎቹ ከመጽሐፍ ገጽ የተለቀሙ አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ በኩል ወደ ዳንግላ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ በምትገኘው በዱርቤቴ ከተማ የሚኖር መምህር ነው። በ2011 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበረች። ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ክረምቱ እየወጣ ነው፤ በየጓሮው የበቆሎ እሸት ደርሷል። ስለሆነም ስድስቱን ሌሊት በሲኒማ ቤትም ሆነ በቴሌቪዥን በቀላሉ የማይገኙ ፊልሞችን በቤቴ በተከታታይ ለማሳየት ከባልንጀሮቼ ጋር ተስማማን። ፕሮጀክተር ተዋስን፤ ነጭ አንሶላ ግድግዳው ላይ ወጠርን። እንግዶቹ መምህራን፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ ጎረቤቶችና ከከተማው ዳር ያሉ ገበሬዎች ነበሩ። ዝናቡ የቆርቆሮውን ጣሪያ ሲደበድብ የፊልሙን ድምፅ ስለሚውጠው፣ አቁመን እሸት እየጠበስን እስኪያባራ እንጠብቅ ነበር።

በመጀመሪያው ሌሊት ያሳየነው የኃይሌ ገሪማን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። ቅጂውን አንድ ዘመዴ ኃይሌና ባለቤቱ በዋሽንግተን ከከፈቱት ሳንኮፋ ከተባለው መጻሕፍት ቤት ገዝቶ አምጥቶልኛል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1974 በአገራችን ገጠር በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ፣ ከባለርስት በታች የሚማቅቅ የአንድ ገበሬ ቤተሰብ ኑሮ ነው። ሞፈርና ቀንበሩ፣ ጭቃው፣ የባለርስቱ ቁጣ በአንሶላው ላይ ሲታይ ቤቱ ጸጥ አለ። ፊልሙ እንዳበቃ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ «ይህን ሁሉ ዘመን የት ደብቃችሁት ኖራችሁ?» ሲሉ ጠየቁ። ማንም መልስ አልሰጣቸውም። ስለ ገበሬ የተሠራውን ፊልም የፓሪስና የዋሽንግተን ተመልካች ካየው ከዐሥርት ዓመታት በኋላ ማየታቸውን ግን ሁላችንም ተገነዘብን። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የተጸነሰው በዚያች ጥያቄ ነው።

ለስድስተኛው ሌሊት ያቆየነው ከሁሉም ይልቅ ብርቅ የሆነውን ነበር። ከዓመታት በፊት በሞት የተለየኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተዋሰው የቪዲዮ ካሜራ በዱርቤቴ ዙሪያ ያሉ እናቶችን ይቀርጽ ነበር። ጊዜው የሞተር ወፍጮ በየመንደሩ ተዳርሶ የእጅ ወፍጮ ከማጀት የሚወጣበት ነበር። ከወፍጮውና ከመጁ ጋር ሴቶቹ እየፈጩ የሚያንጎራጉሩት ዜማም አብሮ እንደሚጠፋ ባልደረባዬ ቀድሞ ተገንዝቧል። ነገር ግን ሥራውን ሳይጨርስ ታመመ። ለባለቤቱ፣ «ሳያልቅ ለሰው እንዳይታይ፤ አደራ» ብሎ አረፈ። እርሷ ግን ከዓመታት በኋላ ካሴቶቹን በከረጢት ይዛ ወደ እኔ መጣችና፣ «ሻጋታ ሳይበላቸው አንተ የሚሆነውን አድርግ» አለችኝ። እነሆ አንዱ አደራ በሌላ አደራ ላይ ተደረበ።

ካሴቶቹን ብቻዬን ሳይ ሌላ ነገር ገጠመኝ። ከተቀረጹት እናቶች አንዷ እያንጎራጎሩ ሳለ መጁን ያቆሙና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ስለ ልጅነት ዘመናቸው አንድ ነገር ይናገራሉ። ነገሩ ምን እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል። እኒህ እናት ዛሬም በሕይወት አሉ። ልጆቻቸው በከተማው የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ከእንግዶቼ መካከል ነበር። ያ ንግግር ስለ እርሱም አባት ነው። እንደማውቀው ልጆቹ ይህን ከእናታቸው አፍ ሰምተው አያውቁም።

በዚህ ዓይነት ጊዜ አስተናጋጅን የሚፈታተነው የመጀመሪያው ነገር ብርቅነት ነው። «ማንም ያላየውን እኔ ቤት ታያላችሁ» ማለት ያስደስታል። ለእንግዳ ከሌላው ቤት የማይገኝ ነገር ማቅረብ በባህላችንም የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ምግብና ምስል አንድ አይደሉም። የቀረበው ጠላ ከአስተናጋጁ ጓዳ የወጣ የራሱ ሀብት ሲሆን፣ በአንሶላው ላይ የሚታየው ግን የሌላ ሰው ድካም፣ የሌላ ሰው ፊት፣ የሌላ ሰው ቃል ነው። አንድ ፊልም ጥቂት ሰው ስላየው ብቻ ዋጋው አይጨምርም። ብርቅነት ስለ ሥራው ስርጭት እንጂ ስለ ሥራው ቁም ነገር የሚነግረን ነገር የለም። በብርቅነት የሚኮራ አስተናጋጅ ሳያውቀው ፊልሙን ትቶ ራሱን ያሳያል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የምክንያት ጥያቄ ነው። ፊልሞች ሳይታዩ የሚቀሩባቸው ምክንያቶች በአራት ፈርጅ ሊከፈሉ ይችላሉ።

አንደኛው ድህነትና ቸልተኝነት ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ የተሠራውን «ሂሩት አባቷ ማነው?»ን እና በ1960ዎቹ የተሠራውን «ጉማ»ን ዛሬ ብዙው ወጣት በስም እንጂ በዓይን አያውቃቸውም። ፊልም ለማስቀመጥ ቤት፣ ለመጠበቅ ባለሙያ፣ ለማሳየት መሣሪያ ያስፈልጋል። እነዚህ ሲጓደሉ ማንም ሳይከለክለው ሥራው ይረሳል።

ሁለተኛው የሥልጣን ክልከላ ነው። የሴኔጋሉ ፊልም ሠሪ ኡስማን ሴምቤን እ.ኤ.አ. በ1977 የሠራው «ሴዶ» በገዛ አገሩ ታግዶ ነበር። የተሰጠው ምክንያት የርእሱ አጻጻፍ በአንድ «ዲ» ይሁን በሁለት የሚል ክርክር ነው። ሲኒማን የሕዝብ የሌሊት ትምህርት ቤት አድርጎ ይቆጥር ለነበረው ሰው ይህ ምን ያህል መራራ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የሠሪው የራሱ ፈቃድ ነው። አሜሪካዊው ቀልደኛ ጄሪ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ ናዚ የሞት ካምፕ የቀረጸውን ፊልም አፍሮበት በሕይወት ዘመኑ ለሕዝብ ሳያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ሞተ። ሠሪ የገዛ ሥራውን «አልበቃም» ሊል መብት አለው።

አራተኛው ደግሞ የታሪኩ ባለቤት ወይም የተቀረጸው ሰው ተቃውሞ ነው። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. «ድፍረት» የተባለው ፊልም በአዲስ አበባ ሊመረቅ ተመልካች ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ቆመ። ፊልሙ በዚያው ዓመት በሰንዳንስና በበርሊን የፊልም በዓላት የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። መነሻው በ14 ዓመቷ የተጠለፈች፣ ጠላፊዋን ገድላ ራሷን ስለ መከላከል በነጻ የተለቀቀች ልጃገረድ ታሪክ ነው። ያስቆመችውም የዚያው ታሪክ ባለቤት ናት። እገዳው በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ታየ። የተነሣው ጥያቄ ግን ከእገዳው ጋር አልተነሣም፦ ስለ አንድ ሰው ነጻነት የሚሰብክ ሥራ የዚያን ሰው ፈቃድ የቱን ያህል ይጠይቃል?

እነዚህን አራት ምክንያቶች አንድ ላይ ጨፍልቆ «የተደበቀ ሁሉ ይገለጥ» ማለት የአስተሳሰብ ስንፍና ነው። ቸልተኝነት ለቀበረው መድኃኒቱ ማሳየት ነው። ሥልጣን ላፈነው ከማሳየት በላይ ድፍረት ያሻል። ሠሪው ለያዘው ማመንታት ተገቢ ነው። የተቀረጸው ሰው ለሚቃወመው ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ግድ ነው። ሕጉም ቢሆን ሙሉ መልስ አይሰጠንም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሥራ አመንጪውን መብት ያስከብራል። በጎረቤት እናት ምስል ፊት ጎረቤት የሆነ ሰው ያለበት ዕዳ ግን በአዋጅ አንቀጽ ተለክቶ አያልቅም።

የባልደረባዬ ካሴት ከአንድ ፈርጅ በላይ የሚነካ ነበር። እርጥበት እየበላው ነበርና ከመጀመሪያው ይመደባል። ሠሪው «ሳያልቅ አይታይ» ብሏልና ከሦስተኛው ይመደባል። የእኒያን እናት ምስጢር ይዟልና ከአራተኛው ይመደባል። ስለዚህ በየፈርጁ መመርመር ነበረበት።

ስለ ጥበቃው የሚደረገው ክርክር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 በፓሪስ ሲኔማቴክ ፍራንሴዝ የተባለውን የፊልም ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ አንሪ ላንግሏ ፊልም የሚድነው ሲታይ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ጥቅሎች በቤቱ መታጠቢያ ገንዳ ያስቀምጥ እንደ ነበር ይነገራል፤ በጀርመን ወረራ ዘመንም ብዙ ፊልሞችን ደብቆ አትርፏል። በዚያው ዘመን በለንደን የብሔራዊው የፊልም ቤተ መዛግብት ኃላፊ የነበረው ኧርነስት ሊንድግረን በተቃራኒው ቆመ። አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ፊልም ለዛሬ ተመልካች ሲባል በማሳያ መሣሪያ ጥርስ መቀደድ የለበትም፤ የነገው ተመልካችም መብት አለው ይል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1959 በሲኔማቴኩ ንብረት ላይ በተነሣ እሳት ብዙ ጥቅሎች ሲወድሙ የሊንድግረን ሥጋት ከንቱ እንዳልነበረ ታወቀ። ሆኖም የላንግሏን የማሳያ አዳራሽ ትምህርት ቤታቸው አድርገው አዲስ የሲኒማ ትውልድ የሆኑትን ወጣት ፈረንሳውያን ስናስብ ደግሞ ያ ሰውም ትክክል እንደ ነበር እንረዳለን።

የዘመኑ ቴክኒክ ይህን ቅራኔ በከፊል ፈትቶታል። ካሴቶቹን ባሕር ዳር ወስጄ ወደ ኮምፒዩተር አስገለበጥኩ፤ ዋናዎቹም ከእርጥበት ርቀው ተቀመጡ። ሊንድግረንም ላንግሏም በዚህ ባልተከፉ ነበር። ነገር ግን አንዱ ቅራኔ ሲፈታ ሌላው ይወለዳል። ዱሮ ፊልም የሚጠፋው በመቃጠል ነበር፤ ዛሬ ደግሞ ባለቤቱ በማያውቀው ቦታ በመባዛት ከባለቤቱ እጅ ይጠፋል። አንድ እንግዳ በጨለማ ስልኩን አንሥቶ አንሶላውን ቢቀርጽ፣ በማግስቱ የእኒያ እናት ቃል በየገበያው ይዞራል። ስለዚህም የቤት ትርዒት የቤት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ዛሬ በእንግዶቹ ጨዋነት ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው።

ስለ ሠሪው ፈቃድ ሲነሣ የፍራንዝ ካፍካ ጉዳይ ሳይጠቀስ አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1924 የሞተው ይህ ደራሲ ያልታተሙ ጽሑፎቹን እንዲያቃጥል ወዳጁን ማክስ ብሮድን አደራ ብሎት ነበር። ብሮድ ግን አላቃጠለም፤ በማግስቱ ዓመት ማሳተም ጀመረ። ዓለም ብሮድን ያመሰግናል። ይሁን እንጂ ምስጋናችን የተቀባይ ምስጋና መሆኑን መርሳት የለብንም፤ በተሰበረ አደራ የተጠቀምን እኛ ነን። በአገራችን «አደራ በላ» ከስድብ ሁሉ የከፋ ስድብ ነው፤ የበላው ነገር መልካም ጥቅም ሰጠ ተብሎ ስሙ አይለወጥም። የብራና መጻሕፍቶቻችንም በመጨረሻ ገጻቸው የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል ይይዛሉ። የጥንት ጸሐፍት መጽሐፍ የሚበደልባቸውን ሁለት መንገዶች እንዲህ ለይተዋል፤ አንዱ ያለ ፈቃድ መውሰድ፣ ሌላው ከውስጡ መፋቅ ነው። አስተናጋጁም በሁለቱ ሊበድል ይችላል፤ የሌላውን ምስል ያለ ፈቃድ በማሳየት ይሰርቃል፤ የማይመቸውን ቆርጦ በማውጣት ይፍቃል።

መፋቅ ምን ያህል ኃይል እንዳለው የአገራችን የቅርብ ታሪክ ያስተምረናል። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ረሃብ ላይ የሠራው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በብሪታንያ ቴሌቪዥን ታየ። የውጭው ዓለም ደነገጠ፤ እርዳታም ጎረፈ። ለኢትዮጵያ ሕዝብ ግን ሳይታይ ወራት አለፉ። በመጨረሻ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ቀረበ። የቀረበው ግን እንደ ተሠራ አልነበረም፤ የረሃቡ ምስል ከቤተ መንግሥት ግብዣና ሥጋ ከሚቀርብላቸው ውሾች ምስል ጋር እየተቀያየረ ተቀጥሎ ነበር። የተደበቀው መገለጡ ትክክል ነበር፤ መገለጥም ነበረበት። ነገር ግን የገለጠው እጅ በመቀጠል አዲስ ትርጉም ጨመረበት፤ የተራበው ሰው ፊት የሌላ ክርክር ማስረጃ ሆነ።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄያችን የምንደርሰውም በዚሁ ነው። ያን ፊልም መጀመሪያ ያየው የለንደን ተመልካች ነው። ቀጥሎ ያየው ቴሌቪዥን ያለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ነው። ፊቱ የተቀረጸው የወሎ ገበሬስ? ስርጭቱም መሣሪያውም በማይደርስበት መንደር የሚኖር ሰው የራሱን መከራ ለማየት ከተራው መጨረሻ እንኳ ስፍራ አልነበረውም። የ1928ቱን ወረራ ያስታወሰ እንደሆነ ደግሞ አንባቢ ይህንኑ ነገር ይበልጥ ያስተውላል። የኢጣልያ ጦር የራሱን ፊልም ቀራጮች ይዞ ዘመተ፤ የማረኩት፣ የገደሉትና የሰበሰቡት ሕዝብ ምስል እ.ኤ.አ. በ1924 በተቋቋመው በሮማው የሉቼ ተቋም መዝገብ ተከማቸ። የልጅ ልጅ የአያቱን መልክ ለማየት የወራሪውን ቤተ መዛግብት ደጅ እንዲጠና ሆነ። ሲኒማ አገራችን በገባበት ዘመን ሕዝቡ የመጀመሪያውን የፊልም ማሳያ «የሰይጣን ቤት» ብሎ መሰየሙ ያስቀን ነበር። ሰው በሌለበት መልኩ ተወስዶ በማያውቃቸው ሰዎች ፊት ሲንቀሳቀስ ማየት የሚያስፈራ ነገር እንዳለው ግን ያ ሕዝብ ገብቶት ነበር።

ስለዚህ «ይታይ ወይስ አይታይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ጎደሎ ነው። ሙሉው ጥያቄ «መጀመሪያ ለማን?» የሚል ነው። በጎጃም የቅኔ ቤቶች፣ በዋሸራም ሆነ በሌላው፣ ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ወደ ማኅሌት ከማውጣቱ በፊት ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፣ ይቀበለዋል ወይም ይመልሰዋል። አዲስ ሥራ የመጀመሪያ ሰሚውን መርጦ የሚወጣበት ሥርዓት ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ የመጀመሪያው ሰሚ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ሰውን በሚቀርጽ ፊልም ደግሞ የመጀመሪያው ተመልካች የተቀረጸው ሰው ሊሆን ይገባል።

በዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊቀርብ እንደሚችል አውቃለሁ። «እንግዲያው የወሎን ረሃብ ለማሳየት ከባለሥልጣናቱ ፈቃድ ይጠየቅ ነበርን? በሁሉም ነገር ባለቤቱ ካልፈቀደ ከተባለ እውነት መቼ ይወጣል?» የሚል ይኖራል። ተቃውሞው ሁለት ሰዎችን ያምታታል። በደሉን የሚደብቅ በዳይና ቁስሉን የሚሸፍን ተበዳይ እኩል አይደሉም። የመጀመሪያው የሚሸሽገው የሌሎችን እውነት ነው፤ ስለዚህ ፈቃዱ አይጠየቅም። ሁለተኛው የሚሸሽገው የራሱን ነው፤ መቼና ለማን እንደሚገልጠው የሚወስነውም እርሱ ነው። ለተበደለ ሰው እንናገርለት እያሉ ቃሉን ከአፉ መንጠቅ፣ ዓላማው የቱንም ያህል የተቀደሰ ቢሆን፣ በደሉን በሌላ መልክ መድገም ነው።

በጳጉሜን 4 ቀን ፕሮጀክተሩን ይዤ ከባልደረባዬ ባለቤት ጋር ወደ እኒያ እናት ቤት ሄድን። የመጣሁበትን ስነግራቸው፣ «ልጄ፣ እኔ ሳላየው ለማን ልታሳየው ነበር?» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የእውነት ጥያቄ ነበር። በሩን ዘግተን አሳየናቸው። የጎልማሳነት መልካቸውን አይተው ሳቁ። ዜማውን ሲሰሙ ከንፈራቸው አብሮ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ መጁ የሚቆምበት ቦታ ደረሰ፤ ዝም ብለው እስከ መጨረሻው አዩት። ሲያበቃም ዜማው እንዲደገምላቸው ጠየቁ። በመጨረሻ የሰጡኝ ፍርድ ይህ ነው፦ «እንጉርጉሮው የሁላችን ነው፤ አሳየው። ያኛው የእኔ ነው። ልጆቼ ከእኔ አፍ ይስሙት እንጂ ከግድግዳ አይስሙት።»

እኔ ያን ክፍል ቆርጬ ላወጣው አሰብኩ። ቢቆረጥ ማንም አያውቅም፤ ልጃቸውም አይጠይቅም። እርሳቸው ግን እምቢ አሉ። «እኔ የተናገርሁትን እንዳልተናገርሁት አታድርግ፤ እዚያ ስትደርስ አቁመው» አሉ። መቁረጥና ማቆም የተለያዩ መሆናቸውን የተማርኩት ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእርሳቸው ነው። መቁረጥ የሌለ ያስመስላል። ማቆም ግን አንድ ነገር እንዳለና ባለቤት እንዳለው ይመሰክራል።

በስድስተኛው ሌሊት እርሳቸውም መጡ፤ ከባልደረባዬ ባለቤት አጠገብ ከፊት ተቀመጡ። እንግዶቹን ስልካቸውን ከኪሳቸው እንዳያወጡ ለመንኩ። ሥራው ያላለቀ መሆኑንና ሠሪውም ሳያልቅ እንዳይታይ ብሎ እንደ ነበር ሳልደብቅ ተናገርኩ። ዜማው ተሰማ፤ መጁ ቆመ፤ እኔም ምስሉን አቆምኩና፣ «ከዚህ በኋላ ያለው የባለቤቱ ነው» አልኩ። አንድ እንግዳ ስድስት ሌሊት ተመላልሶ መጨረሻውን መከልከሉ ትክክል አለመሆኑን አጉረመረመ። እኒያ እናት ግን ስለ ወፍጮ ማስረዳት ጀመሩ፦ ወፍጮ ሲለሰልስ እንዴት እንደሚወቀር፣ ለዳጉሳና ለጤፍ የእጁ አጫጫን እንዴት እንደሚለይ፣ ዜማው ከእጅ ምልልስ ጋር ለምን እንደሚሄድ። በዚያ ሌሊት ወጣት መምህራኑ የጠየቋቸው ጥያቄ በአምስቱ ሌሊቶች ስለ ፊልም ከጠየቁት ሁሉ ይበልጥ ነበር። ልጃቸው አንድም ቃል ሳይናገር እናቱን ደግፎ ወደ ቤት ወሰዳቸው። በመንገድ የተባባሉትን አላውቅም፤ ማወቅም አይገባኝም።

በዚህ ሁሉ ነጻ ወጥቻለሁ አልልም። የሟቹ ቃል «ሳያልቅ አይታይ» የሚል ነበር፤ ሥራው አላለቀም፤ እኔ ግን አሳይቻለሁ። አደራውን ያለው የተቀረጹትን ሰዎች ለመጠበቅ ብሎ ከሆነ ፈቃዱን ፈጽሜያለሁ። የሥራውን ክብር ለመጠበቅ ብሎ ከሆነ ግን አፍርሻለሁ። የትኛው እንደ ሆነ የሚነግረኝ የለም። ባለቤቱ ፈቅዳለች፤ ዜማውም ከሻጋታ ድኗል። ሆኖም ከተሰበረ አደራ የተገኘ ጥቅም የተሰበረውን አደራ እንደማይጠግን እላይ የጻፍኩት ለማክስ ብሮድ ብቻ አይደለም።

ከዚህ ተሞክሮ የሚወሰድ ትምህርት ካለ፣ ለከያኒውም ለመምህሩም ለካድሬውም የሚሆን ነው። ከያኒው ሰውን ሲቀርጽ የመጀመሪያውን ወንበር ለዚያ ሰው ያቆይ። መምህሩ ብርቅ ሥራ ሲያገኝ ስለ ብርቅነቱ ከመመካቱ በፊት ለምን ሳይታይ እንደ ቀረ ይመርምር። ካድሬውም ስለ ሕዝብ የተሠራውን ለሕዝብ ለማሳየት ሲነሣ ሕዝቡን ከተራው መጨረሻ አያሰልፈው፤ ቆርጦና ቀጥሎም የራሱን ቃል በሌላው ፊት አያናግር። እኒያ አዛውንት ገበሬ በመጀመሪያው ሌሊት «የት ደብቃችሁት ኖራችሁ?» ብለው የጠየቁት እኛን ሦስታችንን ነበርና።

ይህን ጽሑፍም ከአዘጋጆቹ በፊት በዱርቤቴ ዳር ባለች አንዲት ቤት አንብቤዋለሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲወጣ ታዝዤ አውጥቻለሁ፤ የቀረው በፈቃድ የቆመ ነው።